አሮጌውን የቲቪ ሜሞሪ ሳታነበው እንዳትጥለው

ወንድሜ፣ ጥያቄህን አነበብኩት። 32 ኢንች ቲቪህ ሎጎው ይመጣና ይጠፋል፣ ደግሞ ይመጣል። ሠሪው «ሜሞሪው ሞቷል» ብሎሃል። አንተም አዲስ ቺፕ ገዝተህ ራስህ ብትበይደው ይሠራ እንደሆነ ነው የጠየቅከው።

ዝም ብለህ ከበየድከው አይሠራም። ቲቪው የሚነሳበት ሶፍትዌር ያለው እዚያ ቺፕ ውስጥ ነው። ከሱቅ የምትገዛው ደግሞ ባዶ ነው። መጀመሪያ በፕሮግራመር (ከኮምፒውተር ጋር ተያይዞ ቺፕ በሚያነብና በሚጽፍ ትንሽ መሣሪያ) ሶፍትዌሩ ሊጫንበት ይገባል።

ግን ሜሞሪው እውነት ሞቷል? እኔ አንድ ጊዜ ለአንድ ቲቪ ሁለት ቺፕ ቀይሬያለሁ። ለካ ጥፋቱ 3.3 ቮልት የሚሰጠው ትንሹ ሬጉሌተር ነበር። ስለዚህ ቲቪው በርቶ እያለ ቮልቱን ለካ። ሜሞሪው ስምንት እግር ያለው ፍላሽ ቺፕ ከሆነ ጥቁሩን የቴስተር ጫፍ 4ኛው እግር ላይ፣ ቀዩን 8ኛው ላይ አድርግ። ሎጎው በጠፋ ቁጥር ቮልቱ የሚወርድ ከሆነ ሜሞሪውን ተወው፣ ፓወሩን ፈልግ። ስትለካ እጅህን ከፓወር ሰፕላዩ አርቅ። ከሶኬት ከነቀልከው በኋላም ትልቁ ካፓሲተር ከ300 ቮልት በላይ ይዞ ሊቆይ ይችላል።

ቮልቱ ደህና ከሆነ ቺፑን አንሳው። የመጀመሪያው እግር ጋ ያለችውን ነጥብ ሳትነቅለው በፊት ፎቶ አንሳት፤ ገልብጦ መበየድ ቺፑን ያቃጥላል። አንዳንዱ በክሊፕ ቦርዱ ላይ እንዳለ ያነበዋል። እኔ አልወደውም፤ ፕሮግራመሩ ለቦርዱ ሁሉ ኃይል ሊሰጥ ይሞክርና ንባቡ ይበላሻል።

አሁን ዋናው ነገር። የድሮውን ዳታ ሁለት ጊዜ አንብብና ሁለቱን ፋይል አስቀምጥ። አንድ ዓይነት ከሆኑ ጥሩ ነው። ከተለያዩ እግሮቹን አጽድተህ ድገመው። 25ኪው64 የሚባለው ቺፕ 64 ሜጋ ቢት ስለሆነ ፋይሉ 8 ሜጋ ባይት መሆን አለበት። የቺፑን ቮልት በፊደሎቹ ለይ፦ ዊንቦንድ የሚባለው ኩባንያ ቺፕ ላይ ከቁጥሩ ቀጥሎ ያለው ኤፍቪ ከሆነ 3.3 ቮልት ነው፣ ኤፍደብሊው ከሆነ 1.8። የ1.8ቱን ቮልቱን ዝቅ የሚያደርግ አዳፕተር ሳይኖር ሲኤች341ኤ የሚባለው ርካሽ ፕሮግራመር ላይ እንዳትሰካው።

ብዙ ጊዜ የሚበላሸው ዳታው እንጂ ቺፑ አይደለም። መብራት እየሄደ እየመጣ ሲያስቸግር በተለይ። ስለዚህ ቺፑ ላይ ያለውን ዳታ አጥፍተህ ደህናውን ፋይል እዚያው ቺፕ ላይ ጫንበት። ፕሮግራመሩ ሲያመሳክር ስህተት ካለ ያኔ ቀይረው።

ፋይል ከኢንተርኔት ካወረድክ የቦርዱ ቁጥር ብቻ አይበቃም። የፓኔሉም (የስክሪኑ) ቁጥር መግጠም አለበት። እኔ በቦርድ ቁጥር ብቻ አምኜ ጫንኩና ቲቪው በራ፤ ምስሉ ግን ተገልብጦ፣ የሰው ፊት አረንጓዴ ሆኖ መጣ። ደንበኛው ፊቴ ቆሞ ነበር። የድሮውን ዳታ አላስቀመጥኩም፤ ትክክለኛውን ፋይል ለማግኘት አራት ቀን ፈጀብኝ።

ቲቪህ ስማርት ሆኖ ሜሞሪው እግር የሌለው፣ ከሥሩ በትንንሽ የብየዳ ኳሶች የተያያዘ ኢኤምኤምሲ የሚባለው ዓይነት ከሆነ ግን በካውያ አትሞክረው። ሆት ኤር (ሙቅ አየር የሚነፋ የብየዳ ማሽን) እና ልምድ ላለው ሰው ስጠው።

ቺፑ ላይ የተጻፈውን፣ የቦርዱን ቁጥርና ከፓኔሉ ጀርባ ያለውን ወረቀት ፎቶ አንስተህ እዚሁ ለጥፍልን። ፋይሉ እኔ ጋ ካለ እልክልሃለሁ።