ጥበቃው ወንበሩን የት ነው ያስቀመጠው?

የሙያ ልጆቼ፣

ሰሞኑን አንድ ወጣት አርክቴክት ቤቴ መጥቶ ሲያማርር አመሸ። «ጋሼ፣ ትልቅ ሕንፃ የሚሠራ ሁሉ የላንድስኬፕ ፕላን በባለሙያ ያሠራ ይላሉ። አራት ዛፍ ለመትከል ደግሞ ፊርማ?» ላንድስኬፕ ፕላን የሚለው ግቢው ውስጥ ምን እንደሚተከልና ውሃው ወዴት እንደሚሄድ የሚያሳየውን ንድፍ ነው። ሳቄ መጣ። በእሱ ዕድሜ እኔም እንደዚያው ነበርኩ።

የመጀመሪያው ትልቅ ሥራዬ እዚሁ ድሬ፣ ባለ አራት ፎቅ ነበር። ፕላኑን ላስገባ አንድ ሌሊት ሲቀረኝ ሳይት ፕላኑ ላይ፣ ሙሉ ግቢውን ከላይ በሚያሳየው ንድፍ፣ በአጥሩ ዙሪያ አረንጓዴ ክቦች ደረደርኩ። የምን ዛፍ እንደሆነ እንኳ አልጻፍኩም። ኮንትራክተሩ ያገኘውን ተከለ። ያገኘው የድሬዳዋ ዛፍ ነበር። ስሙ የእኛ ይሁን እንጂ አገሩ ማዳጋስካር ነው። ሲያብብ እሳት ይመስላል፤ ሥሩ ግን ወደ ታች ሳይሆን ወደ ጎን ነው የሚሄደው። ከአጥሩ ሁለት ሜትር እንኳ አልራቀም። ከዓመታት በኋላ አጥሩ ተሰነጠቀ፣ ታይሉ ተነሳ። ባለቤቱም ተናደው ዛፎቹን በሙሉ አስቆረጡና ግቢውን በኮንክሪት ደፈኑት። ኮንትራክተሩ ላይ አልፈርድም። ክቡን የሳልኩት እኔ ነኝ።

ዛፉስ ይቅር፣ ይተከላል። የባሰው ውሃው ነው። እስቲ ካልኩሌተር አውጡ። 1,000 ካሬ ጣራና ኮንክሪት ላይ 30 ሚሊ ሜትር ዝናብ ሲወርድ 30,000 ሊትር ውሃ ነው። ሦስት ባለ አሥር ሺህ ቦቴ ማለት ነው፣ አንዳንዴም በአንድ ሰዓት ውስጥ። አፈር ቢሆን የተወሰነውን ይጠጣው ነበር፤ ኮንክሪት አይጠጣም። ታዲያ የት ይሂድ? የእኔ ግቢ ውሃ ወደ ጎረቤት ሱቅ ነበር የሚሄደው። የግቢውን ሌቭል፣ ወዴት እንደሚያዘነብል፣ ማንም አላሰበበትማ!

በ1998 ክረምት ድሬን አቋርጦ የሚያልፈው የደቻቱ ወንዝ ከ250 በላይ ሰው የወሰደብን ጊዜ ጎርፉ የመጣው ከላይ፣ ከተራራው ነው። የእኛ ሕንፃዎች አመጡት አልልም። ዓመቱን ሙሉ አሸዋ የሆነ ወንዝ በአንድ ሌሊት ምን እንደሚሆን ላየ ሰው ግን በየግቢው የሚወጣውን ውሃ መናቅ ይከብደዋል።

ደንቡን በተመለከተ፣ ቢሮክራሲ የምወድ ሰው አይደለሁም። ለአንድ ክፍል ሰርቪስ የላንድስኬፕ ፕላን የሚጠይቅ ካለ አብሬያችሁ እጮሃለሁ። በ2001 የወጣው የሕንፃ አዋጅም ቢሆን ሕንፃን በሦስት ምድብ ለይቶ ነበር ያየው፤ ትንሹ ቤትና የገበያ ማዕከሉ እኩል እንዲጠየቁ አላደረገም። ካሊፎርኒያን እዩ፤ እንደኛው ውሃ የሚያጥረው አገር ነው። አዲስ ግንባታ ላይ የሚተከለው ቦታ 46 ካሬ ገደማ ከደረሰ የውሃ ቁጠባ ደንቡ ይይዘዋል። የአፈሩ ዓይነት፣ የተክሉ ዝርዝር፣ የመስኖው አሠራር ሁሉ በፕላን ይቀርባል። የኛ 46 ካሬ ብዙውን ጊዜ ፓርኪንግ ነው።

ስለዚህ የላንድስኬፕ ፕላን ሥራ ሲመጣ የመጨረሻ ሌሊት አታድርጉት። ከሌላ ፕሮጀክት ኮፒ አድርጋችሁ አትለጥፉ። ሴፕቲክ ታንኩ የት እንደተቀበረ ከሳኒተሪ መሐንዲሱ ጋር ሳትነጋገሩ ዛፍ አታስቀምጡ። የዛፉን ስም ጻፉ፣ ከግድግዳው ያለውን ርቀት ጻፉ፣ ማን ውሃ እንደሚያጠጣው ጻፉ። ኒም ድርቅ ይችላል፤ የመጀመሪያዎቹን ዓመታት ግን እሱም ይጠማዋል። ባለቤቱ «ሣር በሣር አድርግልኝ» ካሉ የውሃውን ሂሳብ አሳዩአቸው። እኔ ስለ ሣር ከስንቱ ባለቤት ጋር እንደተሟገትኩ!

ከሁሉ በፊት ግን ሳይቱን በግንቦት፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ሄዳችሁ እዩት። ድሬ በዚያ ሰዓት ተኝታለች፤ ሱቁም ዝግ ነው። የነቃው ጥበቃው ብቻ ነው። ወንበሩን የት እንዳስቀመጠ ተመልከቱ። እኔ በሠራሁት ሕንፃ ጥበቃው እስከ ዛሬ የሚቀመጠው ከመንገዱ ማዶ፣ በሰው ዛፍ ሥር ነው።