የመጀመሪያው የአናጢ ጠረጴዛዬ በየትኛው እንጨት ይሠራ?

«ጋሼ፣ የእንጨት ሥራ ልጀምር ነው። መጀመሪያ የምሠራው የራሴን የሥራ ጠረጴዛ ነው። የጠየቅኳቸው ሁሉ ጠንካራ እንጨት ካልሆነ አይሆንም ይሉኛል። ለእሱ ደግሞ አቅም የለኝም። በርካሽ ጣውላ ብሠራው ድካሜ ከንቱ ይሆናል?»

አይሆንም ወንድሜ። ለጣሪያ ሥራ የሚሸጠው ተራ ሞራሌ፣ ፓይንም ይሁን ጥድ፣ ደህና ጠረጴዛ ይወጣዋል። ለስላሳ እንጨት እንዲያውም አንድ ጥቅም አለው። የምትሠራው ዕቃ ከጠረጴዛው ጋር ቢጋጭ የሚሰረጎደው ጠረጴዛው ነው፤ ዕቃህ ይተርፋል። ያለችህን ገንዘብ ውፍረትና ድርቀት ላይ አውላት።

መላጊያ ስትገፋ ጠረጴዛው መወዛወዝ የለበትም። በመሮ ስትመታም መንጠር የለበትም። የአንድ ጣውላ ውፍረት እጥፍ ሲሆን ላለመጉበጥ ያለው አቅም ስምንት እጥፍ ያድጋል። ጠንካራ የሚባለው ዛፍ ግን በዚህ በኩል ከፓይን ብዙውን ጊዜ እጥፍ እንኳ አይበልጥም። ስለዚህ 4 ሴንቲሜትር ውድ እንጨት፣ 8 ሴንቲሜትር ርካሽ ፓይንን አይደርስበትም።

ወፍራም ጣውላ ፈልገህ አትንከራተት። 5 በ10 ሴንቲሜትር የሆነ ሞራሌ ግዛ። በጠባብ ጎኑ አቁመህ ጎን ለጎን በኮላ አጣብቀው። ከተላገ በኋላ ከ5 ሴንቲሜትሩ 4.5 ያህል ይቀራል፤ ስለዚህ 60 ሴንቲሜትር ለሚሰፋ ገጽ 14 ፍሬ ይበቃሃል። ለጀማሪ 1.5 ሜትር ርዝመት ደህና ነው። ለእግሮቹ ደግሞ ሁለት ሁለቱን አጣብቅ።

አሁን ወደ ድርቀቱ እንምጣ። ብዙ ጠረጴዛ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። እርጥብ እንጨት ሲደርቅ ይኮማተራል። በርዝመቱ የሚቀንሰው ከቁጥር አይገባም። በስፋቱ ግን ይቀንሳል፤ ያውም እኩል አይደለም። የዕድገት ቀለበቶቹን ተከትሎ የሚኮማተረው፣ ቀለበቶቹን አቋርጦ ከሚኮማተረው እጥፍ ገደማ ነው። የሚጣመመውም ለዚህ ነው። በአየር ብቻ የሚደርቅ ጣውላ ለ2.5 ሴንቲሜትር ውፍረት አንድ ዓመት ያህል ይፈልጋል የሚል የቆየ ግምት አለ። ሻጩ «ደረቅ ነው» ስላለህ ብቻ አትመን።

መለኪያ መሣሪያ ከሌለህ ሚዛን ይበቃሃል። ከጣውላው ጫፍ ሳይሆን ገባ ብለህ ትንሽ ቁራጭ ቁረጥና መዝን። ከዚያ በምድጃ ውስጥ 100 ዲግሪ ገደማ ላይ፣ አጠገቡ ሆነህ፣ ክብደቱ መቀነስ እስኪያቆም አድርቀው። 230 ግራም የነበረው 200 ቢሆን፣ 30ን ለ200 አካፍል፤ እርጥበቱ 15 በመቶ ነው ማለት ነው። ቤት ውስጥ ለሚቀመጥ ጠረጴዛ ከ8 እስከ 12 በመቶ ጥሩ ነው። 15 ከሆነ ትንሽ ታገስ። ጣውላዎቹን ጠረጴዛው በሚቆምበት ክፍል ደርድር፤ በየመሃላቸው ቀጫጭን እንጨት አስገባና አየር ይለፍባቸው። ጥቂት ሳምንት ብትጠብቅ አትጎዳም።

ስትገዛ ከክምሩ ላይ ራስህ ምረጥ። መጀመሪያ የተቆረጠውን ጫፍ እይ። የግንዱ እምብርት መሃሉ ላይ ካለ ተወው፤ መሰንጠቁ አይቀርም። ቀጥለህ ጣውላውን ወደ ዐይንህ አስጠግተህ በርዝመቱ ተመልከት። በርዝመቱ ትንሽ የጎበጠ ከሆነ ስታጣብቅ በማጥበቂያ ይቃናል። እንደ ገመድ የተጠማዘዘውን ግን በነጻ ቢሰጡህም አትውሰድ። ትንሽና ጥብቅ ጉጥ ችግር የለውም፤ ትልቅና የላላ ጉጥ ያለበትን ለእግር አታድርግ።

ባሕር ዛፍ ጠንካራ ነው፤ ግን ሲደርቅ በጣም ይሰነጠቃል፣ ይጣመማል። በደንብ የደረቀ ካገኘህ ለእግር ይሁን። ለላዩ አልመክርህም።

እኔ ብሆን ከሁሉ በፊት ከፈረሰ ቤት የወጣ የጣሪያ እንጨት እፈልጋለሁ። ዓመታት ያደረቁትን እንጨት በርካሽ ታገኛለህ። ከመላግህ በፊት ግን በማግኔት ፈትሸው፤ አንዲት ሚስማር የመላጊያህን ስለት ትበላለች። ለኮንክሪት ሥራ የዋለ ጣውላ ላይ የተጋገረው ሲሚንቶም እንዲሁ። እንጨቱ ላይ ያሉት የነቀዝ ቀዳዳዎች ትኩስ ዱቄት የሚያራግፉ ከሆነ ነቀዙ በሕይወት አለ፤ ወደ ቤት አታስገባው። አረንጓዴ መልክ ያለው፣ በኬሚካል የታከመ አሮጌ እንጨት አርሴኒክ ሊኖረው ይችላል። አሮጌ ቀለምም እርሳስ ሊኖርበት ስለሚችል አቧራው አይተነፈስም። «MB» (ኤም ቢ) የሚል ማህተም ያለበትን የጭነት መደርደሪያ (ፓሌት) እንጨትም ተወው፤ ሜቲል ብሮማይድ በሚባል መርዛማ ጋዝ የታጠነ ነው።

ቺፕውድ አይሆንም። ክብደት ሲያርፍበት ይረግባል፣ እርጥበት ሲነካው ያብጣል። መላግ የሚከብድህ ከሆነ ባለ 18 ሚሊሜትር ፕላይውድ ሁለት ወይም ሦስት ድርብ አጣብቅና ከሥሩ በሞራሌ ደግፈው። እሱም ዓመታት ያገለግልሃል።

ሞራሌዎቹን ከማጣበቅህ በፊት በእያንዳንዱ ላይ የሚታየው የእንጨቱ ጭረት ወዴት እንደሚሄድ እይና በእርሳስ ቀስት አድርግበት። ቀስቶቹ ሁሉ ወደ አንድ ወገን ይሁኑ። አለዚያ ላዩን ስትልግ አንዱ ሲለሰልስ ጎረቤቱ ይቦጨቃል።