የአንባብያን ጥያቄና መልስ፦ ከአዳዲስ የቤዝቦል መጻሕፍት የትኛውን እናንብብ? ለማንስ እናስነብብ?

ጥያቄ፦ ይድረስ ለአምዱ አዘጋጅ። በጎንደር ከተማ የምኖር መምህር ነኝ። በአሜሪካ ቨርጂኒያ የሚኖረው ታላቅ ወንድሜ ለጥምቀት በዓል በመጣ ቁጥር ስለ ቤዝቦል የተጻፉ መጻሕፍት ያመጣልኛል፤ እኔም ጨዋታውን ሜዳ ላይ አንድም ቀን ሳላይ በንባብ ብቻ ወደድኩት። ዘንድሮ ግን «የምትፈልገውን ራስህ ምረጥና ልግዛልህ» ብሎኛል። በየዓመቱ የሚታተመው መጽሐፍ ብዙ ነው፤ ሁሉም በጀርባ ሽፋኑ ላይ ተሞግሷል። የሚጠቅመውን በምን ልለየው? ጨዋታውን ለማያውቁት የሥራ ባልደረቦቼስ የትኛውን ላስነብባቸው?
መምህሩ፣ ከጎንደር

መልስ፦ የተከበሩ መምህር፣ ያቀረቡት ጥያቄ ሁለት ቢሆንም ሁለቱም በአንድ መመዘኛ የሚመለሱ ይመስለኛል። የቤዝቦል መጽሐፍ አዲስ የሚያሰኘው በዚህ ዓመት መታተሙ አይደለም፤ ቀደም ብለው በወጡት ውስጥ ያልነበረ ምስክር፣ ሰነድ ወይም ስሌት ይዞ ሲመጣ ነው አዲስ የምንለው። እርስዎ የጎንደር ሰው ስለሆኑ ይህ ልዩነት አይጠፋዎትም፤ በፋሲል ግቢ ለጎብኚ የሚተረከውና በነገሥታቱ ዜና መዋዕል የሰፈረው ሁልጊዜ አንድ እንዳልሆነ፣ ሁለቱን አስተያይቶ የሚጽፍ ሰውም ምን ያህል ዋጋ እንዳለው ከማንም በላይ ያውቁታል።

ለዚህ ከሁሉ የሚሻለው ማስረጃ የጆሽ ጊብሰን ጉዳይ ነው። (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ከ2024 በፊት የታተመ የቤዝቦል መጽሐፍ ሲያነቡ፣ በተጫዋችነት ዘመኑ ሁሉ ከፍተኛውን የመምታት አማካይ ያስመዘገበው ሰው ታይ ኮብ እንደሆነ ያገኛሉ፤ ውጤቱም 0.367 ነው፤ ይህም በየ1000 የመምታት ሙከራው 367 ጊዜ ተሳክቶለታል ማለት ነው። ዛሬ ግን የአሜሪካ ከፍተኛው የቤዝቦል ውድድር በሆነው በሜጀር ሊግ ቤዝቦል መዝገብ በአንደኛነት የሰፈረው ጊብሰን ነው፤ የእርሱ 0.372 ነው። ጊብሰን የተጫወተው ጥቁር ተጫዋቾች ከሜጀር ሊጎች በተከለከሉበት ዘመን፣ ጥቁሮቹ ራሳቸው ባቋቋሟቸው ሊጎች ውስጥ ነበር። ከእነዚህ ሊጎች ቀዳሚው በ1920 ካንሳስ ሲቲ ውስጥ ሩብ ፎስተር በተባለ ሰው መሪነት ተመሠረተ። ሜጀር ሊግ ቤዝቦል ከ1920 እስከ 1948 የነበሩትን ሰባት የጥቁሮች ሊጎች የከፍተኛው ደረጃ አካል አድርጎ የተቀበለው በዲሴምበር 2020 ሲሆን፣ የተጫዋቾቻቸውን ውጤት ከመዝገቡ ያዋሐደው ደግሞ በሜይ 2024 ነው። ጊብሰን ለዚህ ቀን አልደረሰም። በጃንዩወሪ 1947 ገና በ35 ዓመቱ አረፈ፤ ጥቁሩ ተጫዋች ጃኪ ሮቢንሰን ለብሩክሊን ዶጀርስ ቡድን ተሰልፎ የቀለሙን አጥር የጣሰው ከዚያ ሦስት ወር ያህል ቆይቶ፣ ኤፕሪል 15 ቀን ነበር።

ይህን ለውጥ ያመጡት የመዝገብ ቤት ሹሞች ብቻ አይደሉም። እንደ ፒትስበርግ ኩሪየርና ቺካጎ ዲፌንደር ያሉትን የጥቁሮች ጋዜጦች ገጽ በገጽ እያገላበጡ የየጨዋታውን ውጤት ለአሥርተ ዓመታት የለቀሙ ተመራማሪዎች አሉ፤ አብዛኞቹም ይህን የሠሩት ከፍቅር የተነሣ ነው። ሮበርት ፒተርሰን በ1970 ያሳተመው፣ ርእሱ በአማርኛ «ነጭ የነበረው ኳሱ ብቻ ነው» ሊባል የሚችለው መጽሐፍ ለዚህ ፍለጋ በር ከፍቷል። አኃዞቹ ዛሬ ተሻሽለዋል፤ ሆኖም ያነጋገራቸውን የቀድሞ ተጫዋቾች ዳግመኛ ማነጋገር ስለማይቻል መጽሐፉ ዛሬም ቢሆን ምትክ የለውም። ስለ ጥቁሮች ሊጎች ከ2024 ወዲህ የታተመ ጥሩ ሥራ ካገኙ ለወንድምዎ ከሚሰጡት ዝርዝር አናት ላይ ያስፍሩት፤ በአሁኑ ጊዜ ከቤዝቦል ታሪክ ሁሉ እጅግ በፍጥነት እየታደሰ ያለው ይህ ክፍል ነውና።

ስለዚህ ወንድምዎ መጽሐፍ መደብር ሲገባ የጀርባ ሽፋኑን ውዳሴ ትቶ የመጨረሻዎቹን ገጾች ይክፈት። የዘመኑ ጋዜጦች፣ ደብዳቤዎች፣ የፍርድ ቤት መዛግብትና ደራሲው ራሱ ያደረጋቸው ቃለ መጠይቆች በምንጭነት ከተዘረዘሩ መጽሐፉ የራሱ ድካም አለበት። የተጠቀሱት ሌሎች መጻሕፍት ብቻ ከሆኑ ግን የታወቀውን ታሪክ በአዲስ ሽፋን መልሶ የሚተርክ ነው፤ ስለ ዝነኛው ተጫዋች ቤብ ሩት በየጊዜው ከሚወጡት ብዙዎቹን በዚህ ምክንያት ብቻ ማለፍ ይቻላል ብዬ አምናለሁ።

አዳዲሶቹን ከጎንደር ሆኖ መከታተልም የሚመስለውን ያህል አያስቸግርም። ውድድሩ የሚከፈተው እኛ መጋቢት አጋማሽን ስናልፍ በመሆኑ አሳታሚዎች አብዛኛውን የቤዝቦል መጽሐፍ ከየካቲት እስከ ሚያዝያ ባለው ጊዜ ያወጣሉ። ወንድምዎ በጥር ሲመጡ የሚያመጡት እንግዲህ ወደ ዓመት የተጠጋ መጽሐፍ ይሆናል፤ ይህንም እንደ ትርፍ እንጂ እንደ ጉድለት አይቁጠሩት። በእነዚያ ወራት ውስጥ ግምገማዎች ይጻፋሉ፣ ስሕተቶች ይታረማሉ፣ በማስታወቂያ ብቻ የገነነውም ይረሳል። ስፒትቦል የተባለው የቤዝቦል ሥነ ጽሑፍ መጽሔት ከ1983 ጀምሮ ለዓመቱ ምርጥ የቤዝቦል መጽሐፍ የኬሲ ሽልማትን ይሰጣል፤ በ1971 የተመሠረተው የአሜሪካ የቤዝቦል ምርምር ማኅበር ደግሞ ከ1996 ጀምሮ ባለፈው ዓመት ለታተመ ምርጥ የታሪክ ወይም የሕይወት ታሪክ መጽሐፍ የሲሞር ሜዳልያን ይሸልማል። አሸናፊውን ብቻ አይመልከቱ፤ ለመጨረሻው ዙር የቀረቡትን ዝርዝር ይያዙ፤ ለእርስዎ የሚስማማው ብዙ ጊዜ ከዚያ ውስጥ ነው። ከአሳታሚዎችም የኔብራስካ ዩኒቨርሲቲ ማተሚያ ቤት በቤዝቦል ታሪክ ላይ በየዓመቱ በርካታ ሥራዎችን ስለሚያወጣ ዝርዝሩን ማየት ይጠቅማል።

የሲሞር ሜዳልያ ስያሜ ራሱ ለአንባቢ ትምህርት አለው። ሃሮልድ ሲሞር በኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ ፕሬስ በኩል በ1960፣ በ1971 እና በ1990 ሦስት ቅጽ የቤዝቦል ታሪክ አሳትሟል፤ በሽፋኑ ላይም የታተመው የእርሱ ስም ብቻ ነበር። ምርምሩን ከመነሻው አብራው የሠራችው፣ በኋላም እርሱ ሲታመም የሦስተኛውን ቅጽ አብዛኛውን ክፍል የጻፈችው ባለቤቱ ዶሮቲ ነበረች፤ አሳታሚው ስሟን ከእርሱ ጋር ያሰፈረው ግን ከብዙ ዓመታት በኋላ ነው። ሜዳልያው ዛሬ የሁለቱም መታሰቢያ ነው። አንድን የቆየ መጽሐፍ ለሰው ሲያስነብቡ እንዲህ ያለውን የጀርባ ታሪክ አብረው ቢነግሩት በጎ ይመስለኛል።

ገንዘብ ከማውጣትዎ በፊት ሌላም አንድ ነገር ያድርጉ። የምርምር ማኅበሩ ያዘጋጃቸው በሺዎች የሚቆጠሩ የተጫዋቾች የሕይወት ታሪኮች በኢንተርኔት በነጻ ይነበባሉ፤ በስልክዎም ሊከፍቷቸው ይችላሉ። ስለ አንድ ተጫዋች የተጻፈ አዲስ መጽሐፍ ሲያጓጓዎት አስቀድመው የዚያን ሰው ታሪክ ከዚያ ያንብቡ፤ መጽሐፉ ምን ይጨምርልኛል ብለው መጠየቅ የሚችሉት ያን ጊዜ ነው።

ወደ ባልደረቦችዎ ስመጣ፣ ከአዲሱ አይጀምሩላቸው እላለሁ። አዲሶቹ መጻሕፍት አንባቢው ጨዋታውን ያውቃል ብለው ስለሚነሡ ጀማሪውን በሁለተኛው ገጽ ላይ ያጡታል። በየቡድኑ ዘጠኝ ተጫዋቾች እንዳሉ፣ ጨዋታው ዘጠኝ ዙር እንደሆነ፣ ሦስት ተጫዋቾቹ የወጡበት ቡድን የመምታቱን ተራ ለተጋጣሚው እንደሚለቅ በቃል ይንገሯቸውና ሰው ወዳለበት መጽሐፍ ይምሯቸው። ለአማርኛ መምህሩ ወይም የአዛውንት ጨዋታ ለሚወድ ሰው የሎውረንስ ሪተርን «የዘመናቸው ክብር» አስቀድማለሁ። ሪተር የምጣኔ ሀብት መምህር ነበር፤ ታይ ኮብ በ1961 ሲሞት የዚያ ትውልድ ድምፅ ጨርሶ ከመጥፋቱ በፊት ብሎ መቅረጸ ድምፅ ይዞ ያረጁ ተጫዋቾችን በያሉበት እየፈለገ አነጋገረ፤ መጽሐፉም በ1966 ታተመ። እያንዳንዱ ምዕራፍ የአንድ ሰው ትረካ ስለሆነ ሕጉን በሙሉ ለማያውቅ ሰውም ይገባል። ለሒሳብ መምህሩ ደግሞ ማይክል ሉዊስ በ2003 ያሳተመውን «መኒቦል» ይስጡት፤ ገንዘብ ያነሰው የኦክላንድ ቡድን በ2002 ተጫዋቾችን በስታቲስቲክስ እየመረጠ ከባለጸጎቹ ጋር እንዴት እንደተፎካከረ የሚያሳይ ነው። የታሪክ መምህሩን ከጊብሰን ታሪክ ጋር ያገናኙት።

መጽሐፉን ሲሰጡም «ጥሩ ነው» ብቻ አይበሉ። የታተመበትን ዓመት፣ ታሪኩ የት ላይ እንደሚቆም፣ ከየትኛው ምዕራፍ ቢጀመር እንደሚሻል ይንገሩ። በእኛ አገር አንድ የእንግሊዝኛ መጽሐፍ በሰው እጅ ባሕር ተሻግሮ የሚመጣ ስለሆነ፣ ሳያስቡ የተሰጠ ምክር የሌላውን ሰው የአንድ ዓመት ተስፋ ሊያባክን ይችላል።

ጥያቄ፦ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነኝ። በ2022 የታተመ፣ ስለ ጃፓናዊው የቤዝቦል ተጫዋች ሾሄይ ኦታኒ የሚተርክ መጽሐፍ እጄ ሊገባ ነው። ገና እየተጫወተ ስላለ ሰው የተጻፈ መጽሐፍ መግዛት ተገቢ ነው?
ተማሪዋ፣ ከጎንደር

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ መጽሐፉ ኦታኒ ገና በሎስ አንጀለስ ኤንጀልስ ቡድን ሳለ የሚያበቃ መሆኑን አውቀው ይግዙት። በዲሴምበር 2023 ከዶጀርስ ጋር የፈረመው የ10 ዓመት፣ የ700 ሚሊዮን ዶላር ውል በውስጡ የለም፤ በ2024 በአንድ የውድድር ዘመን 54 ሆም ራን (መቺው ማረፊያዎቹን ሁሉ ዞሮ የሚመለስበት ምት) መትቶና 59 ቤዝ ሰርቆ (ኳሱ ሳይመታ ወደሚቀጥለው ማረፊያ ሮጦ ደርሶ) በሁለቱም ከ50 በላይ በማስመዝገብ የመጀመሪያው ሰው መሆኑም የለም። ጨዋታው ራሱ በመካከል ተለውጧል፤ በ2023 ኳሱን ለመቺው ለሚወረውረው ተጫዋች የጊዜ ገደብ ስለተጣለበት የአንድ ጨዋታ አማካይ ርዝመት ከ20 ደቂቃ በላይ አጥሯል። ደራሲው ቡድኑን በየቀኑ የሚከታተል ዘጋቢ ከሆነ ግን ያየውን በቦታው ሆኖ የጻፈ ምስክር ነውና መጽሐፉ አያረጅም። ከዜና የተለቃቀመ ከሆነ ገንዘብዎን ያቆዩ።

ኦታኒን በሚገባ ለመረዳት ከፈለጉ አስቀድመው ስለ ጃፓን ቤዝቦል የተጻፈ ታሪክ ቢያነቡ እመክራለሁ። ጨዋታው በ1872 ሆራስ ዊልሰን በተባለ አሜሪካዊ መምህር አማካይነት ወደ ቶኪዮ ትምህርት ቤት እንደገባ፣ ከ1915 ጀምሮ የሚካሄደው የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ውድድር ለመላው አገሪቱ ምን ማለት እንደሆነ፣ ኦታኒ የተማረበት ሃናማኪ ሂጋሺ ትምህርት ቤትም በዚያ ውድድር ስሙን እንዴት እንዳስጠራ ካወቁ በኋላ የ2022ቱን መጽሐፍ ሲከፍቱ የልጅነቱ ምዕራፎች ይበልጥ ግልጽ ይሆኑልዎታል።