ተቀናቃኞችን ያገናኘው የሂልስቦሮ ሐዘን

ጥያቄ፦ የሊቨርፑል ደጋፊ ነኝ። በሂልስቦሮ ስታዲየም ያለቁት ሰዎች በሚታሰቡበት ዕለት የኤቨርተን ደጋፊዎችም አብረው ሲያዝኑ አያለሁ። ሜዳ ላይ እንዲያ የሚፎካከሩ ሰዎች ሐዘኑን የሚጋሩት ከልብ ነው ወይስ ለወግ ያህል?

መልስ፦ ከልብ ነው፤ ሟቾቹ ለኤቨርተን ደጋፊዎችም ባዕድ አልነበሩምና። በሊቨርፑል ከተማ ከአንድ ቤት ወንድማማቾች አንዱ የኤቨርተንን ሰማያዊ፣ ሌላው የሊቨርፑልን ቀይ ማሊያ መልበሱ የተለመደ ነው። እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 15 ቀን 1989 ሁለቱም ክለቦች የኤፍኤ ካፕ ግማሽ ፍጻሜ ነበራቸው። ኤቨርተን በቪላ ፓርክ ኖርዊችን 1 ለ 0 አሸንፎ ለዋንጫ ባለፈበት በዚያው ከሰዓት፣ በሼፊልድ ከተማ በሚገኘው በሂልስቦሮ ስታዲየም ሊቨርፑልና ኖቲንግሃም ፎረስት የጀመሩት ጨዋታ ስድስት ደቂቃ ያህል እንደሄደ ተቋረጠ። ፖሊስ ውጭ የነበረውን መጨናነቅ ለማቃለል የመውጫውን በር ሲከፍት ወደ መሃል የሚያስገባውን መተላለፊያ ስላልዘጋ፣ ሕዝቡ አስቀድሞ ወደ ሞላውና በብረት አጥር ወደ ተከለለው ሥፍራ ጎረፈ። በአደጋው ሕይወታቸውን ያጡት 97 ሲሆኑ፣ የመጨረሻው ሰው በደረሰባቸው ጉዳት ምክንያት ያረፉት በ2021 ነው።

በሳምንቱ የሁለቱ ክለቦች ደጋፊዎች ቀይና ሰማያዊ ስካርፎቻቸውን እርስ በርስ እያሰሩ፣ ከያኔው የኤቨርተን ስታዲየም ከጉዲሰን ፓርክ ተነሥተው ስታንሊ ፓርክን አቋርጠው እስከ ሊቨርፑል ስታዲየም እስከ አንፊልድ ድረስ 1.6 ኪሎ ሜትር ገደማ ዘረጉ።

ለእኔ ግን ከዚህም የሚበልጠው፣ ጥፋቱ በራሳቸው በሟቾቹና በደጋፊዎቹ ላይ ሲላከክ በኖረባቸው ዓመታት ሁሉ ኤቨርተኖች ከሐዘንተኞቹ ጎን መቆማቸው ነው። በሴፕቴምበር 2012 ገለልተኛው አጣሪ ቡድን እውነቱን ይፋ ባደረገ በቀናት ውስጥ፣ ኤቨርተን ከኒውካስል ጋር ከመጫወቱ በፊት አንዲት ልጅ የኤቨርተንን፣ አንድ ልጅ ደግሞ የሊቨርፑልን ማሊያ ለብሰው፣ እጅ ለእጅ ተያይዘው ጉዲሰን ፓርክ ገቡ፤ በጀርባቸው ያሉት 9 እና 6 ቁጥሮች በጊዜው የነበረውን የሟቾች ብዛት፣ 96ን፣ ያሳዩ ነበር። በ2016 ደግሞ የሟቾቹን አሟሟት በመረመረው ችሎት ከሕዝብ የተመረጡ ፈራጆች (ጁሪ) ሟቾቹ በሕገ ወጥ መንገድ መገደላቸውንና ደጋፊዎቹ ጥፋት እንዳልነበረባቸው ወሰኑ።

ሁሉም ተቀናቃኝ እንዲህ ነው ማለቴ አይደለም። በሂልስቦሮ ሟቾችም ሆነ በ1958 በሙኒክ የአውሮፕላን አደጋ ባለቁት የማንቸስተር ዩናይትድ ሰዎች ላይ እየዘፈኑ የሚሳለቁ ደጋፊዎች በመኖራቸው፣ በ2023 የሊቨርፑልና የማንቸስተር ዩናይትድ አሠልጣኞች የነበሩት ዩርገን ክሎፕና ኤሪክ ቴን ሃግ ድርጊቱ እንዲቆም በአንድነት ጠይቀዋል።