ለአረቄ አውጪዋ እህቴ፦ ከችግኙ በፊት ምድጃው

እህቴ፣ ጥያቄሽን አየሁት። አርሲ ነገሌ ላይ በበርሜል አረቄ ታወጫለሽ። የምትለቂውን ካርቦን መቀነስ ትፈልጊያለሽ። የማይቀነሰውን ደግሞ ዛፍ ተክለሽ ማካካስ ይቻል እንደሆነ ጠይቀሻል። እዚያው አካባቢ ለአረቄ አውጪ እናቶች ምድጃ ስሠራ ቆይቻለሁና የማውቀውን ልንገርሽ። ይቻላል። ግን ችግኙ መጨረሻ ነው የሚመጣው።

ድፍድፉ ሲብላላ የሚወጣው ጋዝም ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው። እሱ አያስጨንቅሽ፤ እህሉ ሲያድግ ከአየር የወሰደው ነው የሚመለሰው። ጣጣው ማገዶው ላይ ነው። የነገሌ አረቄ ከሙኔሳ ደን በሚወርድ እንጨት ሲወጣ ኖሯል። ተቆርጦ ያልተተካ ዛፍ ሲነድ ካርቦኑ አየር ላይ ይቀራል።

ለሂሳብ እንዲመች 100 ሊትር ድፍድፍ ጣድሽ፣ 10 ሊትር አረቄም ወጣሽ እንበል። ድፍድፉን ከ20 ወደ 95 ዲግሪ ለማድረስ ብቻ 31 ሜጋጁል (ሜጋጁል የሙቀት መለኪያ ነው) ግድም ሙቀት ይፈጃል። አረቄው በእንፋሎት እንዲወጣ ደግሞ 16 ግድም። ይቺን ልብ በይልኝ፤ ብዙውን እንጨት የሚበላው ማውጣቱ ሳይሆን ማሞቁ ነው። አንድ ኪሎ ደረቅ እንጨት 15 ሜጋጁል ያህል አለው። በሦስት ጉልቻ ላይ ግን በርሜሉ ጋ የሚደርሰው ከ10 እስከ 15 በመቶው ነው። ሌላው ቤቱን ያሞቃል፣ ዓይን ያቃጥላል። ስለዚህ ለአንድ ጊዜ ወደ 26 ኪሎ እንጨት ይነዳል። በሳምንት ሦስት ጊዜ ካወጣሽ በዓመት 4 ቶን እንጨት ሆነ ማለት ነው። ወደ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሲቀየር ከ6 ቶን ያልፋል።

መጀመሪያ እሳቱን ዝጊው። በሸክላ ጡብ ወይም በጭቃ ዙሪያውን የተገነባ ምድጃ ይኑርሽ። በርሜሉ ላዩ ላይ አይቀመጥ፤ ወደ ውስጥ ገባ ይበል። በበርሜሉና በግድግዳው መሃል የጣት ስፋት ያህል ክፍተት ተይለት። እሳቱ ሥሩን ብቻ መትቶ አያመልጥም፣ ጎኑንም እየላሰ ይወጣል። ከሥር አመድ የሚያወርድና አየር የሚያስገባ ፍርግርግ ብረት፣ ከኋላ ጭስ ማውጫ። በደንብ የተሠራ ምድጃ ማገዶውን በግማሽ ሊያወርደው ይችላል። ዕድሜያቸውን ሙሉ አረቄ ሲያወጡ የኖሩ እናቶችን ዓይን ያየ ሰው፣ ስለ ጭስ ማውጫው ለምን አጥብቄ እንደምናገር ይገባዋል።

እንጨቱ ይድረቅ። ገና የተቆረጠ እንጨት ክብደቱ ግማሽ ያህሉ ውሃ ነው። አንቺ ደግሞ መጀመሪያ ያንን ውሃ ነው የምታፈይው። ቀጠን አድርገሽ ፍለጪና ዝናብ በማይነካው ቦታ ደርድሪው። ወጪው ጉልበት ብቻ ነው።

አሁን ሰው ሁሉ ወደሚረሳው ልምጣ። አረቄው ቱቦው ውስጥ ሲቀዘቅዝ እነዚያን 16 ሜጋጁል ለማቀዝቀዣው ውሃ ያስረክባል። ውሃው ሲሞቅ ምን እናደርጋለን? እንደፋዋለን! ያ ሙቀት እኮ በእንጨት የተገዛ ነው። ኮኛክ የሚባለውን የወይን አረቄ የሚያወጡት ፈረንሳዮች ትኩሱን ቱቦ በሚቀጥለው ወይን ውስጥ አሳልፈው ወይኑን አስቀድመው ያሞቁታል። አንቺም ከማቀዝቀዣው በፊት ለነገ የተዘጋጀው ድፍድፍ ያለበት ዕቃ አስገቢና ቱቦው በውስጡ ይለፍ። ክዳን ይኑረው፣ ግን ድርግም ብሎ አይታሸግ። በጣም እንዲሞቅም አትፍቀጂ፤ አልኮሉ መትነን ይጀምራል። ከእሳትም ይራቅ። ይሄ ከበደሽ፣ ሙቁን ውሃ ለሚቀጥለው ጥንስስ ተጠቀሚበት።

የበርሜሉ አፍ የተመረገበትንም ሁሌ ፈትሺ። ጭቃው ሲደርቅ ይሰነጠቃል። ሽታው ከመጣሽ አረቄሽ እየሄደ ነው፣ የነደደው እንጨትም አብሮ። የአልኮል ትነት እሳት ያለበት ቤት ውስጥ ሲሰራጭ ደግሞ ለሕይወትም ያሰጋል።

ኤሌክትሪክስ? የኛ አገር መብራት አብዛኛው ከውሃ ኃይል ስለሆነ ካርቦኑ በጣም ትንሽ ነው። በላይኛው ሂሳብ፣ የሚባክነው ሙቀት ተጨምሮ፣ ለአንድ ጊዜ 16 ኪሎዋት ሰዓት አካባቢ ይበቃሻል። ችግሩ መቆራረጡ ነው። ሌላው ደግሞ የኛ ድፍድፍ ወፍራም ነው። ማሞቂያውን በቀጥታ ከከተትሽበት ይዞበት ያርራል፣ አረቄውም የአረረ ይሸታል። ድርብ ግድግዳ ያለው በርሜል አሠሪና በመሃሉ ያለው ውሃ ይሙቅ። ለውሃው መሙያና ለእንፋሎቱ መተንፈሻ አስደርጊ፤ ታሽጎ ከሞቀ ይፈነዳል። ብቻሽን ካልቻልሽ ከጎረቤቶችሽ ጋር ማኅበር ሆናችሁ ብትሞክሩት እመክራለሁ።

አተላው ለከብት ይሂድ። ጉድጓድ ውስጥ ተከምሮ አየር አጥቶ ሲበሰብስ ሚቴን የሚባል ጋዝ ይወጣዋል። ሚቴን በ100 ዓመት ሲሰላ ከካርቦን ዳይኦክሳይድ 28 እጥፍ ያህል ያሞቃል። ከብት የሚያደልብ ጎረቤት ካለሽ በየዕለቱ ይውሰደው።

ወደ ዛፉ እንምጣ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ሁለት ነገር ያደባልቃል። ባሕር ዛፍ ተክለሽ፣ ቆርጠሽ ካነደድሽው ማካካሻ አይደለም። ጥሩ ነገር ግን ነው፤ ከጉቶው መልሶ ስለሚያቆጠቁጥ የለቀቅሽውን መልሶ ይወስዳል፣ የደኑንም ዛፍ ያድናል። ማካካሻ የሚባለው የማይቆረጠው ነው። 100 ኪሎ ደረቅ እንጨት ያለው ዛፍ 180 ኪሎ ያህል ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይዟል። 6 ቶንሽን ለማካካስ በየዓመቱ 35 ያህል እንዲህ ያሉ ዛፎች ያስፈልጉሻል። ችግኝ አይደለም ያልኩሽ፤ አድገው የቆሙ። መጀመሪያ ምድጃው ያልኩሽ ለዚህ ነው። ማገዶሽ በግማሽ ሲወርድ የዛፉም ቁጥር በግማሽ ይወርዳል። ስትተክዪም አገር በቀሉን ምረጪ። ወይራና ዝግባ ለአካባቢሽ ይስማማሉ። የጸደቀውን እንጂ የተከልሽውን አትቁጠሪ።

የካርቦን ክሬዲት ስለመሸጥም፣ ማለትም የቀነስሽውን ካርቦን አስመዝግበሽ ለሌላ በገንዘብ ስለመስጠት፣ ጠይቀሻል። ለአንድ ቤት አያዋጣም፤ የማስመዝገቡና የማስመርመሩ ወጪ ብቻውን ይበልጥብሻል። ወላይታ ሁምቦ ላይ የተሳካው ገበሬዎቹ በማኅበር ተደራጅተው ከ2,700 ሄክታር በላይ የተራቆተ ተራራ ከልለው፣ ከነባሩ ጉቶ እንዲያቆጠቁጥ አድርገው ነው።

ከመጀመርሽ በፊት ግን ለአንድ ጊዜ የምታነጂውን እንጨት በሚዛን መዝኚ። የኔ ቁጥር ግምት ነው፣ ያንቺ እውነተኛው ነው። የበርሜልሽን ስፋትና ቁመት እዚህ ጻፊልኝ፤ የምድጃውን ልክ አስልቼ እልክልሻለሁ።