ጠብታዎቹ እኩል ናቸው፤ ብርሃናቸው ለምን ይቀላቀላል?

ሰላም እህቴ። ለግሉኮስ መመርመሪያ (ባዮሴንሰር) የምትጠቀሚበት ቺፕሽ በቀጫጭን ቦዮቹ ዘይት ውስጥ እኩል እኩል የውሃ ጠብታ እየሠራልሽ፣ ግሉኮስ ያለባቸውና የሌለባቸው ጠብታዎች ግን ትንሽ ሲቆዩ ለምን አንድ ዓይነት ብርሃን እንደሚሰጡ ጠይቀሻል። እኔን ይኸው ችግር ሁለት ወር በልቶብኛል። ኢንዛይም ቀየርኩ፤ ባፈሩን (አሲድነቱ እንዳይለዋወጥ የሚጠብቀውን ፈሳሽ) አስተካከልኩ፤ ቺፑን ሳይቀር እንደ አዲስ ሠራሁ። ለካ ጥፋቱ የቀለሙ ነበር።

ግሉኮስ ኦክሲዴዝና ፐርኦክሲዴዝ የሚባሉት ኢንዛይሞች ተከታትለው ሠርተው በመጨረሻ የሚሰጡን የሚያበራ ቀለም፣ ሬሶሩፊን፣ ትንሽ ሞለኪውል ነው። ጠብታዎቹ እንዳይዋሃዱ ብለን ዘይቱ ውስጥ የምንጨምረው ሰርፋክታንት ራሱ ተሸክሞ ጎረቤት ጠብታ ያደርሰዋል። ስለዚህ ግሉኮስ የሌለበትም ይበራል፣ ያለበትም ይደበዝዛል።

እስቲ ባዮሴንሰሩን ለጊዜው ተይውና ይህን ሞክሪ። ሬሶሩፊን ያለባቸውን ጠብታዎችና ባፈር ብቻ የያዙትን ለየብቻ ሥሪ። ከዚያ አንድ ቱቦ ውስጥ እኩል በእኩል ቀላቅያቸው። ወዲያው ፎቶ አንሺ። ምርመራሽ የሚፈጀውን ጊዜ ያህል አቆይተሽ ድገሚው። የብርሃኑ ሂስቶግራም (ስንት ጠብታ ምን ያህል እንደሚበራ የሚያሳየው ሥዕል) ሁለት ጉብታ እንደያዘ ከቆየ ደህና ነው። ጉብታዎቹ ከተቀራረቡ ቀለሙ እያፈሰሰ ነው። ፍሎረሲን በሚባለው ቀለምም ሞክሪው፤ እሱ ከሬሶሩፊን በጣም የተሻለ ጠብታው ውስጥ ይቆያል፣ ለማነጻጸር ይጠቅምሻል። እኔ ባፈሩ ላይ ቢኤስኤ (ከከብት ደም የሚገኝ ፕሮቲን) ጨምሬ፣ ሰርፋክታንቱን ቀንሼ ነው ማፍሰሱን ያዘገየሁት። ጨርሶ አልቆመም፤ ስለዚህ ንባቡን ቶሎ መውሰድ ጀመርኩ። ሰርፋክታንቱን አብዝተሽ ከቀነስሽ ግን ጠብታዎቹ ይዋሃዱብሻል፣ ቀስ እያልሽ።

የጠብታውን ስፋት (ዲያሜትር) መጀመሪያም መጨረሻም ለኪ። 50 ማይክሮሜትር የሆነ ጠብታ 65 ፒኮሊትር ገደማ ይይዛል። ስፋቱ 5 በመቶ ሲለዋወጥ ይዘቱ 15 በመቶ አካባቢ ይለዋወጣል። ቺፑ የሚሠራበት ጎማ መሰል ሲሊኮን፣ ፒዲኤምኤስ፣ ደግሞ የውሃ እንፋሎት ያሳልፋል። ጠብታው ሲያንስ ቀለሙ ይወፍራል፣ አንቺ ደግሞ ምላሽ አገኘሁ ብለሽ ትደሰቻለሽ! ስፋቱ ገና ከጅምሩ ከፍ ዝቅ የሚል ከሆነ ፈሳሹ ወደ ቺፑ የሚገፋበትን ሲሪንጅ እይው። ትልቅ ሲሪንጅ በዝግታ ሲገፋ ፓምፑ ይንቀጠቀጣል። ወደ 1 ሚሊ ሊትር ስቀይር ለእኔ ተስተካክሎልኛል።

በኋላ በኢንዛይም ፈንታ ሴል ከተጠቀምሽ፣ በአማካይ ለአንድ ጠብታ 0.1 ሴል ስትጭኚ 90 በመቶው ባዶ ይሆናል። ያ ብልሽት አይደለም፣ አትደንግጪ።

ሰርፋክታንትሽ ስንት በመቶ እንደሆነና ስንት ደቂቃ እንደምታቆዪው ጻፊልኝ።