ጣሪያ ለሌለው በረንዳ፦ ኮምፖዚት ወይስ ባሕር ዛፍ?

ጎንደር አጠገብ አዘዞ ያለው የበረንዳህ የባሕር ዛፍ ጣውላ በሁለት ክረምት በስብሶ «በምን ልተካው?» ካልከኝ፣ ደግመህ ባሕር ዛፍ አታንጥፍ፤ ኮምፖዚቱን ግዛ። የኛ ክረምት ያርሰዋል፣ በጋው ያደርቀዋል፤ እንጨቱን የሚያጣምመውና የሚሰነጥቀው ይህ መፈራረቅ ነው። ኮምፖዚት የእንጨት ዱቄትና ፕላስቲክ ተቀላቅሎ የሚሠራ ስለሆነ ውሃ ብዙም አይመጥም፣ ምስጥም አይደፍረውም፣ በየዓመቱ ቫርኒሽ ቀባኝ አይልህም። ዋጋው መጀመሪያ ያስደነግጣል፣ አውቃለሁ። ጣሪያ ቢኖርህ ኖሮ በደንብ የደረቀ ጣውላ ይበቃሃል እልህ ነበር።

ስታሠራ፦
1. ከሥሩ ሞራሌ ሳይሆን አንቲረስት የተቀባ ብረት በየ40 ሳንቲሜትሩ አስደርድር። ሞራሌው ከበሰበሰ የላዩ ጥንካሬ ምንም አይጠቅምህም።
2. ጣውላው ጫፍ ለጫፍ በሚገናኝበትና ግድግዳ ጋ ክፍተት ይኑር፤ ልኩ ከዕቃው ጋር በሚመጣው መመሪያ ላይ አለ።

ሁለተኛዋን አደራ! እኔ ቤት አናጢው «እንዲያምር» ብሎ አጣብቆ ገጠመው። ሚያዝያ ላይ፣ ቀትር ሲሆን፣ መሐል ያሉት ሁለቱ ጣውላዎች ተለጥጠው ቪቴያቸውን ነቅለው እንደ ድልድይ ጎበጡ። ልጄ ደግሞ በባዶ እግሯ ረግጣው ጮኸች፤ ፀሐይ ሲመታው ከእንጨት ይበልጥ ይግላል። ስለዚህ ጥቁሩን ተውና ነጣ ያለውን ቀለም ምረጥ።